የማገዶ ሣር

አባቴ የገብሱን ማሳ ለሣር የሰጠው፣ እኔ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ነው። መንደሩ ክረምቱን ሙሉ ሲስቅበት ከረመ። ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው አገራችን ሣር ይጋጣል እንጂ አይዘራም። ሣሩ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በመኪና ተጨምቆ ማገዶ ይሆናል፣ ኩበቱም ለማሳው ይተርፋል ያሉት ከከተማ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ክፋቱ አባቴ እጅ መግባቱ ነው።

ጎረቤታችን መሪጌታ ሊያዩ መጥተው ማሳው ዳር ቆሙ። "እኛም እኮ የምናነደው ሣር ነው" አሉ። "ልዩነቱ እኛ መጀመሪያ ላሚቱን እናበላታለን።" ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባቴ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላለም። ባለሙያዎቹ ማሳው ላይ "ሠርቶ ማሳያ" የሚል ቆርቆሮ ሲተክሉለት ግን አንገቱ ቀና አለ። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ ለማሳያ ሆነ፤ ከማሳ ወደ ቤት ሲመጣ እንኳ ሰው እንደሚያየው ሆኖ ነበር የሚራመደው።

እናቴ በዚያ ቤት የኔ የምትለው በጎቿን ብቻ ነበር። አባቷ ሲድሯት የሰጧት በጎች ዘር ናቸው። መሬቱም ቤቱም በሬዎቹም የአባቴ ሲባሉ፣ እነሱ ብቻ የእሷ ይባሉ ነበር። ጸጉራቸውን አሸልታ፣ ፈትላ ያሠራችው ባና አሁንም አልጋዬ ላይ አለ።

በልጉ ቀረ። ግጦሹ ነጣ፤ በጎቹ አፈር መላስ ጀመሩ። ያ ሣር ግን ሥሩ ወደ ታች የሄደ ነውና ለምለም እንደሆነ ቆመ። በዐቢይ ጾም መካከል፣ አንድ ጠዋት እናቴ፣ "አንድ እቅፍ ብቻ ልጨድላቸው" አለችው።

"ማገዶ ነው" አላት።

"ሣር ነው።"

"አንቺ ሴት፣ ማገዶ ነው አልኩሽ! ማሳያውን ሊያዩ ከከተማ የሚመጡት እንግዶች ተበልቶ ቢያገኙት ምን ልበላቸው?"

እሱ ለቅዳሴ ሲሄድ ተደብቃ አጨደች። ሲመለስ አንዲቷ በግ እያኘከች ደረሰ። መንጋጋዋን ፈልቅቆ ሣሩን ከአፏ ጎትቶ አወጣና እንዲደርቅ ድንጋይ ላይ አሰጣው። ሌላ ሰው እንዲህ አደረገ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ፤ ልደብቀውም አልፈልግም።

በጎቹ አንድ በአንድ አለቁ። ሣሩን ከአፏ የተነጠቀችው ብቻ፣ እናቴ በየቤቱ እየዞረች በለመነችው አተላ ተረፈች። ሌሊት ከመደቡ ሥር ታሳድራት ነበር። አንዷ ካለች ዘሩ አይጠፋም ትላለች። ሣሩ ታጨደ፤ ባለሙያዎቹም መጭመቂያ መኪናቸውን አምጥተው ጨመቁት። እንደ ሳሙና እየተቆረጠ ወጣ፤ አባቴም በረድፍ በረድፍ ደረደረው።

ፋሲካ አልፎ እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። እናቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በጓ ታርዳ፣ ቆዳዋ ተገፍፎ ከቤቱ ዋልታ ላይ ተሰቅላለች።

"በሽሮ ልቀበላቸው ኖሯል?" አላት አባቴ።

እናቴ እንስራዋን አውርዳ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ድስቱ የተጣደው በዚያው በሣሩ ማገዶ ነው። አባቴ እንግዶቹን ምድጃው አጠገብ አስቀምጦ፣ "እዩት፣ ጭስ የሚባል ነገር የለውም። ሴቶቻችን ዓይናቸው አረፈ" ይላቸዋል። ውሸት አልነበረም፤ እሳቱ ጥርት ብሎ ይነዳል። ወጡ ወጣ፤ ሥጋው አጥንት የበዛበት ቢሆንም እንግዶቹ በደስታ በሉ። ከመካከላቸው አንዷ፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየቻት።

"እማማ፣ ምነው ያለቅሳሉ?"

"ጭሱ ነው" አለ አባቴ፣ እናቴን ቀድሞ።

"ጭስ የለውም" አለች እናቴ። "የምትበሉት በጌን ነው።"

እንግዶቹ ማኘካቸውን ገቱ። ሴትዮዋ እጇን ሰበሰበች። አባቴ እንደ መሳቅ እያደረገው ትሪውን ወደ እነሱ ገፋ አደረገ። "ብሉ እንጂ! ብሉ፣ በሞቴ።"

እናቴ ጭልፋውን አንስታ ለሁሉም ጨመረችላቸው።

"ብሉ እንጂ" አለች። "በሞቱ እኮ ነው የለመናችሁ።"