የቡና ማሽኑን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ

አጎቴ በቤተሰባችን ጥፋተኛ በተፈለገ ቁጥር «እኔ ነኝ» ማለት ልማዳቸው ነበር።

በደርግ ጊዜ ወልድያ በነበረው ሻይ ቤታቸው ያረጀውን የጣሊያን ቡና ማሽን ፈታተው ሲጠግኑ አንድ ዕቃ ጎደለ። አዲስ አበባ እንዲፈለግ ብዬ ማሽኑን ፎቶ አንስቼ ለሾፌር ሰጠሁ። ሾፌሩ መርሳ ኬላ ላይ ተፈተሸ። በማግስቱ ሁለት ታጣቂዎች ፎቶውን ይዘው መጡ።

«ይህን መሣሪያ ፎቶ ያነሳው ማን ነው?» አለ አንደኛው።

እኔ ብርጭቆ ወደማጠቡ ዞርኩ። አጎቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «እኔ ነኝ፣ ልጄ። መሣሪያ አይደለም፤ ቡና ማፍያ ነው» አሉት።

ወሰዷቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ከስተው ሲመለሱ የጠየቁኝ ዕቃው መገኘት አለመገኘቱን ብቻ ነው። ስለ ዝምታዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው እያልኩ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ወር ቀበርናቸው። ወንበራቸው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ይቅርታውን ለማን እንደምናገር ግን አላውቅም።