የመንግሥት ልጅ በአደራ

ነገሩ የተበላሸው አስተርጓሚው «የወለደቻት ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቀኝ እውነቱን የነገርኩት ጊዜ ነው። ሐሙስ ጧት... እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከጣልያኑ ሹም ጠረጴዛ ፊት ቆሜ።

«የወለደቻትማ ሞታለች» አልኩ።

ሹሙ ቀና እንኳ ሳይል ጻፈ። አለቀ።

ይታይሽ ስድስት ዓመቷ ነው። ሮብ ገበያ በኩል የነበረው ቤታቸው ከነወላጆቿ ሲቃጠል እሷ ጎረቤት ስለነበረች ተረፈች። እናቴ ሄዳ አመጣቻት። እንዲሁ አንጠልጥላ አላመጣቻትም፤ የነፍስ አባታችንና ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት ጡቷን ማር ቀብታ አጠባቻት። በእኛ አገር ከዚያ ወዲያ ልጅ ናት። የጡት ልጅ ትባላለች፤ እንደኔው ትወርሳለች፣ እኔም እህቷ ነኝ፣ «የማን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው ቅዳሜ ገበያ መሀል አዲስ አዋጅ ተነገረ። ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መንግሥት ይጠብቃል፣ ቤት ያስገባል፣ ወተትና ልብስ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ልጅ የያዘ ሁሉ ያስመዝግብ ተባለ።

እናቴ «እኛን አይመለከትም፤ ይታይሽ እናት አላት» አለች።

እኔ ግን አዲስ አበባ አምስት ዓመት ተምሬ የመጣሁ ነኝ... ሕግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ባይ። «እማ፣ ካልተመዘገበች ኋላ ጣጣ ነው። ደግሞ ያሉትን ማዘጋጀት አለማዘጋጀታቸውን በዓይኔ አይቼ እመጣለሁ» አልኳት። መንግሥትን ልመረምር ልጅቷን ይዤ ሄድኩ።

መረመርኩም። አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን ስሟ ከተጻፈ በኋላ ጠየቅኩ።

«ልጆቹ የሚገቡበት ቤት የታለ?»

አስተርጓሚው በመስኮቱ አሳየኝ። እስከ ወገቤ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ጣሪያ የለው፣ በር የለው። ውስጡ ሁለት በቅሎዎች ገለባ ይበላሉ።

«ጣሪያውስ?»

«ቆርቆሮው ይመጣል።»

«ምግብ የምትሠራላቸውስ?»

«ትቀጠራለች።»

«ወተቱስ?»

«የጣሳ ወተት ነው። ከአስመራ በካሚዮን ይመጣል።»

«ጎጃም ውስጥ ላም ጠፍቶ ነው? መንገዱስ ከተዘጋ ስንት ጊዜው?»

«እሱን ጫካ ያሉትን ዘመዶችሽን ጠይቂ» አለኝ ፈገግ ብሎ። ክፉ ሰው አይደለም... እንጀራው እዚያ ሆኖበት ነው።

ከተባለው ሁሉ ተሰናድቶ ያገኘሁት መዝገቡን ብቻ ነው። ቆዳ የለበሰ፣ በቀይ መስመር የተሰመረ፣ አምሮ የተጠረዘ መዝገብ።

«እንግዲያው ስሟን ሰርዙልኝና ይዣት ልሂድ» አልኩ።

ሁለቱ ተነጋገሩ። ከዚያ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ መሰረዝ የለም። የወለደቻት ሞታለች ብለሻል። አሁን የመንግሥት ልጅ ናት፤ እዚሁ ትቆያለች» አለኝ።

«የት? ከበቅሎዎቹ ጋር?»

«የዱቄት መጋዘን አለ። የዘበኛው ሚስት ታያታለች።»

ይታይሽ ቀሚሴን ጨብጣ ቆማለች። ዘበኛው ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። አልጮኸችም... እኔን ብቻ ታየኛለች። ታላቋ አይደለሁ፤ አንድ ነገር የማደርግ መስሏታል።

ሮጬ እናቴን ጠራኋት። ነጠላዋን አደግድጋ ገባች።

«ጌታዬ፣ ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«እርስዎ አልወለዷትም፣ እሜቴ» አላት አስተርጓሚው።

«አጥብቻታለሁ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«በማር ነዋ። ምስክር አለኝ፤ ቄሱን ላስጠራ?»

ይህ ሲተረጎምለት ሹሙ ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ጥሩ ተረት እንደሰማ ሰው ነው የሳቀው። ከሳቀ በኋላም ራራልን መሰለኝ፤ አንድ መላ አመጣ። አስተርጓሚው ጥግ ወስዶ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ልጅቷን በአደራ ይሰጠናል። እናቴ ወላጇ አለመሆኗን አምና፣ ቤቱ ያለቀ ቀን ልታስረክብ ትፈርማለች። ልጅቷም በየሐሙሱ ቢሮ መጥታ ትታያለች።

አስተርጓሚው አማርኛ ይናገራል እንጂ መጻፉ አይሆንለትም። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ጻፊው» ተባልኩ።

ጻፍኩ። «የዚህች ልጅ ወላጅ አይደለሁም» ብዬ በእናቴ ስም፣ በገዛ እጄ... ብዕሩም ጥሩ ነበር፣ አንዴ እንኳ አልተንጠባጠበም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ልጄን ስጡኝ ይላል» አልኳት።

አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ አተመች። ይታይሽ ከነዱቄቷ ወጣችልን፤ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ ሆኖ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ላገኘችው ጎረቤት ሁሉ የምታወራው አንድ ነገር ነው። «ልጄ ተምራ ጠቀመችኝ፤ ጽፋ እህቷን አስለቀቀቻት!» ትላለች። እኔ ጓዳ እገባለሁ።

ጉንደ ወይን ዘመድ አለን፤ ይታይሽን ወስጄ እዚያ ልደብቃት አስቤ ነበር። ከከተማ ለመውጣት ግን የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። እሱን የሚሰጠው ማን መሰላችሁ... ያው ሹም ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ምን እንደማላደርግ ግን አውቃለሁ፦ ሐሙስ ይታይሽን እንደ ውሰት ዕቃ ወስጄ አላሳይም፤ እናቴን እናት አይደለችም የሚል ቃልም፣ የሚያዘኝ ማንም ይሁን ማን፣ ከእንግዲህ በእጄ አይጻፍም።