የበረኛው ግራ ዳሌ

የልውውጡ ወሬ ሊዮና ዊቤ ዘንድ የደረሰው ማክሰኞ ማታ፣ የትምህርት ቤቱን አውቶብስ አቁማ የሞተሩን ማሞቂያ ገመድ ግድግዳው ላይ ስትሰካ ነበር። በዚያ ሜዳማ አገር በጥር ወር ሞተሩ ሳይሞቅ ያደረ መኪና ጠዋት አይነሣም። ስልኳ ሲጮኽ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀችና አነሣች።

«ሬሚን ሰጡት» አላት ጋርዝ።

«ለማን?»

«ለጎሾቹ።»

ጎሾቹ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ የምትርቀው የጎረቤት ከተማ የበረዶ ሆኪ ቡድን ናቸው። የእሷ ከተማ ቡድን፣ ቀበሮዎቹ፣ በማንም ተሸንፎ ከሚደርስበት ኀዘን ይልቅ በእነርሱ ሲሸነፍ የሚሰማው ውርደት ይበልጣል። ለጥሎ ማለፉ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ጎሾቹ በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ የሚገናኙት ቅዳሜ ነው። የእሷ ቡድን ታዲያ ግብ ጠባቂውን በአጥቂ ለውጦ ለዚያው ለጠላቱ አስረከበ።

«ግብ የማያገባ ቡድን በረኛ ምን ያደርግለታል?» አለ ጋርዝ በመከላከል ድምፅ። የቡድኑ ቦርድ አባል ስለ ነበር እጁ እንዳለበት ገባት።

«የሚገባባችሁን ማን ሊመልስላችሁ ነው?» አለችውና ስልኩን ዘጋች።

ሬሚ ጎዴ የሊዮና ልጅ አልነበረም። ዳሩ ግን ሁለት ክረምት ሙሉ በቤቷ ምድር ቤት ተኝቷል። በዚያ አገር ልማድ፣ የበረዶ ሆኪ ሊጫወቱ ከሩቅ የሚመጡ ጎረምሶችን የከተማው ሰው በየቤቱ ተቀብሎ ያኖራቸዋል፤ ያበላቸዋል፤ ጠዋት ይቀሰቅሳቸዋል፤ ሲሸነፉም ፊታቸውን ይችላል። ሊዮናና ባሏ ኮርኒ ልጅ ስላልነበራቸው ቤታቸው ከእነዚህ ልጆች ተለይቶ አያውቅም። ኮርኒ ከሞተ በኋላ «አሁንስ ይበቃሻል» ያሏት ብዙዎች ነበሩ። እርሷ ግን አልጋውን አንጥፋ ጠበቀች።

በግብ ጠባቂዎች ላይ የተለየ ፍርድ ነበራት። በልጅነቷ፣ አባቷ የግቢያቸውን መሬት በውኃ አጥለቅልቆ በረዶ ሲያደርገው፣ ወንድሞቿ ወፍራም የዕቃ መሸጫ ካታሎጎች ቅልጥሟ ላይ አስረው በረኛ ያቆሟት ነበር። በረኛነት ሌላ ማንም የማይፈልገው፣ ትንሿ እኅት የምትገፋበት ስፍራ ነበርና። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ቡድን አልነበረም፤ ከግቢው አልፋ አልተጫወተችም። ፓክ የሚሏት የደነደነች ጥቁር ጎማ ቅልጥም ስታገኝ ምን እንደምታደርግ ግን ታውቃለች። ስለዚህ ሬሚ በመጀመሪያው ክረምት አንድ ማታ የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ፣ ከአተሩ ከረጢት ጎን በረዶ ፈልጎ ግራ ዳሌው ላይ ሲይዝ ስታየው፣ አልጮኸችም።

«ለአሰልጣኙ ተናገር» አለችው ብቻ።

«ከተናገርኩ ያስቀምጡኛል፣ እማ ሊዮና። አንዴ የተቀመጠ በረኛ አይነሣም።»

ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው ማግሥት የበረዶ ከረጢት በሩ ደፍ ላይ ታስቀምጥለት ነበር። በረኛው ወደ ግራው በፍጥነት መዘርጋት እንደማይችል ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በሆኪ ሰዎች ዘንድ የአንድን ተጫዋች ጉዳት አውጥቶ መናገር ከስድብ የከፋ ነውር ነው፤ ራሳቸው አሰልጣኞቹ እንኳ «ከወገብ በታች» ወይም «ከወገብ በላይ» ከማለት አያልፉም።

የሬሚ ሌላው ልማድ ዝምታው ነበር። በጨዋታ ቀን ከእንቅልፉ ተነሥቶ ጨዋታው አልቆ የግራ ጫማውን እስኪያወልቅ ድረስ አይናገርም፤ የሚያናግረውም ሰው አይኖርም። ሊዮና ይህን ዝምታ እንደ ሕግ ጠበቀችው። ሳህኑን አስቀምጣ ትወጣለች፤ የቤቱን ስልክ ትነቅላለች። አንድ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሊጋብዛት የመጣ ዲያቆን በምልክት ከደጃፏ ተመልሷል።

ሐሙስ ዕለት በሬሚ ምትክ የመጣው አጥቂ ሻንጣውን ይዞ ደረሰ። ስሙ ኬል ሶረንሰን ነው፤ ረጅም፣ ቀላ ያለ፣ ቶሎ የሚስቅ ልጅ። የማን ቦታ እንደ ተሰጠው ሲያውቅ ትንሽ አፈረ፤ የተዘረጋለት አልጋ የሬሚ አልጋ ነበርና። ሊዮና ቨሬኒኬ የሚሉትን አይብ የተሞላ የሊጥ ቅቅል በክሬም መረቅ አቀረበችለት።

«ወይዘሮ ዊቤ፣ እንዲህ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም።»

«ሊዮና በለኝ። ወይዘሮ ዊቤ አማቴ ነበረች፤ የእሷን እጅ ብትበላ ደግሞ ሁለተኛ አትጨምርም ነበር።»

ኬል ሳቀና በግራ እጁ ሳህኑን አቀበላት። ሻንጣውንም ያወረደው በግራው ነበር። ሊዮና በቀኙ እንደሚመታ ታውቃለች። አስተዋለች፤ ምንም አላለችም።

«ያ በረኛ እዚህ ነበር የሚኖረው፣ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። «ቅዳሜ የምገጥመው እሱን ነው። በየት በኩል ነው የሚከብደው?»

«ምግብህን ጨርስ።»

«ኧረ ዝም ብዬ ነው…»

«ከዚህ ማዕድ የበላ፣ ከዚህ ቤት ወሬ ይዞ አይወጣም። ነገ አንተንም ይለውጡህ ይሆናል። ያኔ ታመሰግነኛለህ።»

ይህን ያህል የጠበቀችው አፍ የተፈታው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

በጨዋታ ቀን የቀበሮዎቹ ደጋፊዎች በዋናው መንገድ ባለችው ትንሽ ምግብ ቤት፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ጋርዝ ፍሪሰን ጡረታ እስኪወጣ የእህል ጎተራ ኃላፊ የነበረ፣ ሠላሳ ዓመት ከሊዮና ጎን የተቀመጠ፣ በክርክር የማይረታ ሰው ነው። የዚያን ጠዋት እንቁላሉን እየቆረጠ ልውውጡን ይከላከል ነበር።

«እውነቱን ልንገራችሁ? ልጁ ይፈራል። በግራው በኩል የመጣውን ምት ሁሉ አይቶ ያልፈዋል። እጁን አይዘረጋም፣ እግሩን አይዘረጋም። ፈሪ በረኛ ይዘን ጥሎ ማለፍ አንገባም።»

«ጋርዝ፣ አፍህን ጠብቅ።»

«ምን አልኩ? የበላበት ጠረጴዛ ያንቺ ስለሆነ ጀግና አይሆንም! ፈሪ ፈሪ ነው።»

«ፈሪ?» ሊዮና ሹካዋን ጣለች። «የዳሌው ጅማት ተቀዶ ሁለት ክረምት ቆሞላችኋል! ወደ ግራው መዘርጋት የማይችለው በፍርሃት ነው? አንተ ጣትህን በር ቢይዝህ ሳምንት ትተኛለህ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋርዝ አፉን በወረቀት ጠረገ፤ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ካፖርቱን ሳይቆልፍ ወደ ውጭ ወጣ። ሊዮና በመስኮቱ በኩል አየችው። ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር፤ ትንፋሹም በብርዱ ውስጥ እንደ ጢስ እየወጣ፣ በነጻ እጁ የግራ ዳሌውን ይመታ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። የሬሚ ስልክ ከዓርብ እራት ጀምሮ ዝግ ነው። በጎሾቹ ከተማ እሱን የተቀበለችውን ሴት ቁጥር ፈልጋ አገኘች።

«ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል» አለቻት ሴትዮዋ። «በጨዋታ ቀን እንዳናናግረው ነግሮናል። ያንቺ ቤት ሕግ ነው አለን። መልእክት ልንገረው?»

ሊዮና በሌላ ሰው አፍ ከላከችው ምሥጢሩ ለአዲሱ አሰልጣኝ ይደርሳል፤ ልጁም በመጣ በሳምንቱ ወንበር ላይ ይቀራል። ዝም ካለች ደግሞ የራሷ ቡድን ልጆች የታመመውን ዳሌ እየፈለጉ ይመቱታል፤ ሳይዘጋጅ የተዘረጋ የተቀደደ ዳሌ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ሰውን ከበረዶው ለዘለዓለም ሊያወርደው ይችላል። ራሷ ብትነግረው በገዛ እጇ የጠበቀችውን ዝምታ ታፈርሳለች፤ ሠላሳ ዓመት የደገፈችውን የራሷን ቡድንም ትክዳለች። ቀበሮዎቹ ዛሬ ካልረቱ ክረምታቸው አበቃ።

«ምንም፣ ግድ የለም» አለቻት።

ጨዋታው ከቀትር በኋላ በቀበሮዎቹ አዳራሽ ነበር። ሊዮና የኮርኒ አባት ላም አንገት ላይ የነበረውን ደወል እንደ ወትሮዋ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ቡድኖቹ ለማሟሟቅ ሲወጡ ዐይኗ በቀበሮዎቹ ላይ ነበር። አንዱ ዝቅ አድርጎ ይመታል፤ የራሳቸው በረኛ ይንበረከካል፤ ሁለተኛው ወዲያው ወደ ግራው ይልካል። ደገሙት። እንደገና ደገሙት። ሬሚ ከወዲያኛው ጫፍ ጀርባውን ሰጥቶ ስለ ነበር አላየም።

ሊዮና ደወሉን ወንበሯ ላይ ትታ ወረደች። ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል የሚመለሱት ከመቀመጫዎቹ ሥር በሚያልፈው ጠባብ መተላለፊያ፣ በጎማ ምንጣፍ ላይ ነው። ዘበኛው ከልጅነቱ በአውቶብሷ ያመላለሰችው ስለ ነበር አላስቆማትም። ጎሾቹ አንድ በአንድ አለፉ። የመጨረሻው ሬሚ ነበር፤ በጭምብሉ ውስጥ ዐይኑ መሬት ላይ ተተክሏል።

«ሬሚ።»

ከፊቱ የነበረው ተጫዋች ደንግጦ ዞረ። በጨዋታ ቀን በረኛን መጥራት!

«ግራህን ነገርኩብህ» አለች ሊዮና። «ዛሬ ጠዋት፣ በገዛ አፌ። ዝቅ አድርገው ያንበረክኩህና ወደ ግራህ ይልካሉ።»

ሬሚ ቆመ። በሽቦው ውስጥ ዐይኖቹን ብቻ አየች፤ ምን እንዳለባቸው ግን መለየት አልቻለችም። የዱላውን ጫፍ ሁለት ጊዜ ጎማው ላይ መታ፤ አለፈ።

ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ዝቅ ያለ ምት መጣ፤ ሬሚ ተንበረከከ፤ ነጥራ የተመለሰችው ፓክ በግራው ተመትታ ገባች። አዳራሹ በደወል ጩኸት ተናወጠ። የሊዮና ደወል አልጮኸም።

«አላልኩሽም?» ጋርዝ በደስታ ትከሻዋን መታት። «አየሽ? እንደ መጽሐፍ!»

ሊዮና የነገረችው ምንም አልጠቀመውም፤ ዝምታውን ብቻ ሰበረችበት። በመጀመሪያው ዕረፍት ከወንበሯ አልተነሣችም።

ከሦስቱ የጨዋታ ክፍሎች በሁለተኛው ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ሬሚ መንበርከክ አቆመ። እንደ ጥንት በረኞች ቀጥ ብሎ፣ የግቡን የግራ ብረት ተደግፎ ቆመ፤ በቀኙ ዶሮ የሚያሾልክ ክፍተት ተወላቸው። ቀበሮዎቹ ግን ሰፊውን ክፍተት ትተው ግራውን መፈለጋቸውን አልተዉም፤ የሚያውቁትን አውቀዋልና። ምቱ በመጣ ቁጥር ቀድሞ እዚያው ይጠብቃል። ኬል ብቻውን ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ምቱ ሁሉ ከጉልበት በላይ አልወጣም።

«ቀኙን! ቀኙን ምቱ እንጂ፣ እናንተ ደንቆሮዎች!» እያለ ጋርዝ ተነሥቶ ጮኸ። ወዲያው ዞሮ ሊዮናን አያት። እርሷ ወደ በረዶው ብቻ ታይ ነበር።

ጎሾቹ አቻ አደረጉ፤ በሦስተኛው ክፍልም አንድ ጨመሩ። በመጨረሻው ደቂቃ ቀበሮዎቹ የራሳቸውን በረኛ አውጥተው ስድስተኛ አጥቂ አስገቡ። ፓኳ በረዶውን አቋርጣ በሬሚ ግራ በኩል ብቻውን ለቆመው ለኬል ደረሰች። ሬሚ በዚያ ቅጽበት ቀኙ ላይ ነበር፤ የሚደገፈው ብረት አልነበረም። ሊዮና ተነሥታ ቆመች። ልጁ ራሱን ወረወረ፤ እግሩን እስከ መጨረሻው ዘረጋ፤ ፓኳ የጫማውን አፍንጫ ነክታ ወጣች። መጨረሻውን የሚያበስረው ጡሩምባ ጮኸ። ሬሚ በረዶው ላይ ቀረ። ከዚያ ብረቱን ጨብጦ፣ በቀኝ እግሩ ተነሣ።

በመተላለፊያው አግድም ወንበር ላይ አገኘችው። የግራ ጫማው ወልቋል።

«ሁለት ክረምት ዘግተሽው ቁርስ ላይ ከፈትሽው?» አላት።

«ፈሪ አሉህ።»

«ይበሉኛ! በረኛን ፈሪ የማይል ማን አለ?» ፊቱ ከሕመሙ ይሁን ከቁጣው ነጭ ነበር። «ነገ ለሐኪሙ ራሴ እነግረዋለሁ። ቁርስ ቤት ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።»

«ያስቀምጡሃል።»

«ያስቀምጡኝ። ዛሬ ቆሜያለሁ።» የወለቀውን ጫማ አነሣ። «ለዚያ ልጅ ቨሬኒኬ ሠራሽለት?»

«ሐሙስ።»

«ስንት በላ?»

«ከአንተ ያነሰ። በል ሂድ፤ አውቶብሱ ጥሎህ ይሄዳል።»

ጋርዝ በመኪና ማቆሚያው ጠበቃት። መሸት ብሏል፤ ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል።

«ነግረሽዋል።»

«ነግሬዋለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ለቀበሮዎቹ ደወልሽ፤ ሸጥሽን።»

«ልጁን የሸጥኩት ጠዋት ነው፣ ጋርዝ። ከቀትር በኋላ መልሼ ገዛሁት።»

«ከእንግዲህ ከጎንሽ አልቀመጥም።»

«ቦታው ሰፊ ነው።»

ሄደ፤ ግን የቦርድ አባልነቱ አላስቻለውምና ተመለሰ። «ለመሆኑ ይሄ ኬል ምን ሆኖ ነው? አንድ ምት እንኳ ከፍ አላለለትም። ትከሻው ነው እንዴ? ከቤትሽ አይደል የሚያድረው፣ ታውቂያለሽ።»

ሊዮና ወደ መኪናው አየች። «የማሞቂያውን ገመድ ሳትነቅል እንዳትነሣ፤ ባለፈው ዓመት ሶኬቱን ከነግድግዳው ይዘህ ሄደሃል።»

ቤት ሲደርሱ ኬል ከመኪናው ቀድሞ ወረደ። ሻንጣውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሊዮና ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ የአተሩን ከረጢት ገፋ አደረገችና በረዶውን በፎጣ ጠቅልላ ወረደች። ከበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። አላንኳኳችም።

ደረጃውን ስትወጣ በሩ ቀስ ብሎ ሲከፈትና መልሶ ሲዘጋ ሰማች።