ሽቦዋ የተፈተነችበት ወር

ምራቴ የኬብል ጫፍ ስትገጥም ማየት ደስ ይለኛል። ወፍራሙን ሰማያዊ ልባስ በምላጭ ዙሪያውን ጫር ታደርግና እንደ ካልሲ ትገፈዋለች። ከውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። ትፈታቸዋለች፣ በጣቶቿ መሃል እየሳበች ታቃናቸዋለች፣ ከዚያ በየቀለማቸው ትደረድራቸዋለች፤ ነጭና ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ቡናማ፣ ቡናማ። ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ እኔ እንኳ በቃሌ ይዤዋለሁ። ጫፋቸውን እኩል ቆርጣ፣ ጥፍር በምታክል ብርጭቆ መሳይ መሰኪያ ውስጥ ትከታቸውና በመጭመቂያ ፒንሳዋ ቀጭ ስታደርገው አለቀ። አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም።

ያን ቅዳሜ ጧት ግን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጫፍ አበላሸች። አረንጓዴውን ከሰማያዊው አሳስታ ስትደረድር እኔ ነኝ ያየሁባት።

«ምነው ልጄ?» አልኳት።

«ቁልፌን ሊወስዱብኝ ነው እማማ» አለችና ፒንሳውን አስቀመጠች።

ምራቴ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ትሠራለች። እዚያ ከገባች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስትቀጠር ግድግዳ የምትበሳና ጣሪያ ውስጥ ኬብል የምትጎትት ረዳት ነበረች፤ ዛሬ ከራጅ ክፍሉ እስከ ማዋለጃው የትኛው ኬብል በየት በኩል እንደሚያልፍ ዓይኗን ጨፍና ትነግርሃለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ሽቦዋ» ይሏታል። ቁልፍ ያለችኝ ደግሞ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ነው። ያ ክፍል በጋ ከክረምት ይቀዘቅዛል፤ የሆስፒታሉ ሁሉ መረጃ የሚያልፍባቸው ማሽኖች እዚያ ውስጥ ቀንና ሌሊት እህህ እያሉ ይሠራሉ። ቁልፉን የያዘ ሰው የታመነ ሰው ነው።

የኮምፒውተር ክፍሉ የራሱ ሥርዓት አለው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በመስታወት ፍሬም የገባ ሰርተፊኬት ነው። ሰርተፊኬት ያላቸው ጎማ ባለው ወንበር በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ፤ የሌላቸው በበሩ በኩል፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ትከሻቸውን እየገፋው፣ አራት እግር ባለው ተራ ወንበር ላይ። ከሁሉም የሚበልጠው ሰባት ሰርተፊኬት ያለው አንድ ሰውዬ ነው። «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ደብዳቤ ሲጽፍ ከስሙ በኋላ የሚደረድራቸው ፊደላት ከስሙ ይረዝማሉ።

«ሽቦዋ» ይላታል ወንበሩን እያሽከረከረ፤ «ልምድ ማለት እኮ ዕድሜ ነው። ዕድሜ ደግሞ ያልታደለው የለም።»

«ወረቀት ሽቦ አይገጥምም» ትለዋለች እሷም። እውነቱን ልናገር፣ ይህችን ቃል ስትናገር ደረቷ ነፋ ይላል። እነሱ በወረቀታቸው ይኮራሉ፤ እሷ ደግሞ ወረቀት ባለመያዟ ትኮራ ነበር።

እንዲህ ሲወራረፉ ኖረው አዲስ ኃላፊ መጣ። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። እስከ መጪው ወር መጨረሻ ጊዜው ያላለፈበት የኔትወርክ ሰርተፊኬት የሌለው ሰው የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ አስረክቦ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል ይላል። ግምጃ ቤት ማለት ምድር ቤት ነው፤ የተሰበረ የኮምፒውተር መጻፊያ መቁጠር ነው ሥራው። ፕሮፌሰር አልደነገጠም። የእሱም የኔትወርክ ሰርተፊኬት ሦስት ዓመቱን ጨርሶ በዚያው ወር መታደስ ነበረበት፤ ግን «ሻይ ጠጥቶ የመመለስ ያህል ነው» አለ አሉ።

ምራቴ ተመዘገበች። ከማስታወቂያው በስድስተኛው ቀን ተፈተነች። የፈተናው ክፍል ምን እንደሚመስል በዝርዝር እንድትነግረኝ ጠይቄያት ነበር። ኪስ ያስገለብጣሉ፣ ሰዓት ያስወልቃሉ፣ እጅጌ ያስጠቀልላሉ፣ የጆሮ ጌጧን ሳይቀር አገላብጠው አይተውታል። ጣሪያው ላይ ካሜራ አለ። ትንሽዬ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኮምፒውተር፣ ዘጠና ደቂቃ። ማለፊያው ከዘጠኝ መቶ ሰባት መቶ ሃምሳ ነው። እሷ ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ አመጣች።

በማግስቱ ቢሮ ስትገባ ፕሮፌሰር ጠበቃት።

«ስንት ቀረሽ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አይዞሽ! አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ምን አላት? ግምጃ ቤት ቁጭ ብለሽ ታጠኛታለሽ፤ እዚያ የሚረብሽሽ የለም።» የመስኮቱ ሰዎች ሳቁ። ኋላ ግን ብቻዋን ስትሆን ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ስሚኝማ፣ ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አሉኝ። አንደኛው ሐ፣ ሁለተኛው ሀ፣ ሦስተኛው መ እያልሽ ሸምድጂው በቃ። እዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ በምን የመጣ መሰለሽ?» አላት።

«አመሰግናለሁ፤ ይቅርብኝ» አለችው።

ማታ እራት ላይ ይህን ስትነግረን ልጄ፣ ባሏ ማለቴ ነው፣ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ምን ነበረበት ብትቀበይው? ቁልፉን ካጣሽ በኋላ ኩራቱ ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«ቁልፉን ይዤ በሩን ስከፍት የሚያሳፍረኝ ከሆነ ቁልፉስ ምን ያደርግልኛል?» አለች። እሱም መልሶ ማንኪያውን አነሳ።

እንደገና ለመፈተን አሥራ ሦስት ቀን ነበራት። የልምምድ ጥያቄዎችን ከማጥኛ መጽሐፏ፣ ከእንግሊዝኛው እየመለሰች በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችልኝ፤ ፊደሉን ለዓይኔ አተልቃ። ከሥራ ስትመለስ እኔ አነባለሁ፣ እሷ እየላጠች ወይም እየከተፈች ትመልሳለች። አንድ ቀን ይህ ደረሰኝ፦ «አንድ ቢሮ ውስጥ ኔትወርክ ተቋረጠ። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ኬብሉን አያለሁ» አለች ሳታስብ።

ካርቶኑን ገለበጥኩት። «ተጠቃሚዎቹን ምን እንደተለወጠ መጠየቅ፣ ነው የሚለው።»

«ይኸው! እንዲህ እያሉ ነው የጣሉኝ። ነርሶች ስለ ኔትወርክ ምን ያውቃሉ እማማ?»

እኔ በማላውቀው ነገር መናገር አልወድም። ግን አንዴ አፌ ላይ መጣ። «እኔ ስለ ሕክምና ምን አውቃለሁ? ሐኪሙ ግን መጀመሪያ የሚለኝ ‹ምን ይሰማዎታል? ከመቼ ጀምሮ?› ነው። ሳይጠይቀኝ ቢላዋ ይዞ ወደ ሆዴ ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?»

ሳቀች። ከዚያ ድንቹን አስቀምጣ ካርቶኑን ከእጄ ወሰደች። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

በዚያው ሳምንት ለደም ግፊቴ ክትትል ሆስፒታል ሄጄ የላቦራቶሪው ኮሪደር ላይ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ውስጥ ግርግር አለ። የላቦራቶሪው ኔትወርክ ጧት ጧት ይቋረጣል፤ ለአራት ቀን መፍትሔ ጠፍቶለት የደም ውጤት በእጅ እየተጻፈ ነው። ፕሮፌሰር ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ኔትወርኩን የሚያከፋፍለውን ሳጥን ሁለት ጊዜ በአዲስ ቀይረውታል። ምራቴ መሰላል ይዛ መጣች፤ እንደ ልማዷ ጣሪያውን ልትከፍት አንድ እግሯን አሳርፋለች። ድንገት ቆመች። እግሯን አወረደች።

«እህቴ» አለቻት ለላቦራቶሪዋ ባለሙያ፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው? የለወጣችሁት ነገር አለ?»

ሴትዮዋ ጓንቷን አወለቀች። «ገና አሁን ጠየቃችሁ! አራት ቀን ሙሉ ሰው በላዬ ላይ ሲመላለስ ማንም ‹ምን ሆናችሁ?› አላለኝም። ሰኞ ማቀዝቀዣውን ከዚያ ማዶ ወደዚህ አዛወሩት። ቅርብ ሶኬት ስላልነበረ እዚያ ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ሰኩት።»

ምራቴ ጎንበስ ብላ አየች። ማቀዝቀዣውና የኔትወርኩ ሳጥን ከአንድ ማከፋፈያ ነው የተሰኩት። ጧት የማቀዝቀዣው በር መከፈት ሲበዛ ሞተሩ ግርር ብሎ ይነሳል፣ ኃይሉን ይስባል፣ ሳጥኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሳጥኑን ነቅላ ማዶ ያለ ሌላ ሶኬት ላይ ሰካችው። አራት ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ መጽሐፉ በመጨረሻ «መዝግብ» እንደሚለው ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ጻፈችው። ፕሮፌሰር ላፕቶፑን ሲዘጋ ጠቅ ያለው ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ» አለችኝ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ፣ «አንድ ቃል መጠየቅ ንቄ ጣሪያ ስቧጥጥ ኖሬያለሁ።»

ሁለተኛው ፈተና ሐሙስ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ ፕሮፌሰርም የሚያድሰው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ወንበር ላይ ነበር። እሱ በሃያ ደቂቃ ጨርሶ እያፏጨ ወጥቶ ውጤቱን ደጅ ጠበቀ። እሷ ዘጠናውንም ደቂቃ ተቀመጠች። ውጤቱን የምታትመው ልጅ ሁለቱንም ወረቀት ባንድ ላይ ዘረጋችላቸው።

የእሷ ስምንት መቶ ሰማንያ አራት። የእሱ አራት መቶ አሥር።

ፕሮፌሰር ፊቱ ላይ ውሃ እንደቸለሱበት ሆነ። «ለውጠውታል! ጥያቄውን በሙሉ ለውጠውታል!»

«ስለ ምን ነበር የጠየቁህ?» አለችው፤ ለማሾፍ አልነበረም።

«እኔ ምን አውቄ? ፊደሉን እንጂ ጥያቄውን መች አነበብኩት!»

ምራቴ የቤታችንን ደረጃ እየሮጠች ወጥታ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረችው። ስምንት፣ ስምንት፣ አራት። እኔ ድምፄ ከፍ ብሎ የማያውቅ ሴት ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ጮኼ የማዶዋ ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» ብላ መስኮት ከፈተች። «አለፈች!» አልኳት። ምኑን እንዳለፈች ሳታውቅ እሷም አጨበጨበች። ልጄ ሚስቱን አቅፎ አነሳት፤ ወገቡን ቢያመውም እስከ ማግስቱ አልተናገረም።

ሰኞ ኃላፊው ሁሉንም ሰብስቦ «ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ይቆያል» አላት። ከመስኮቱ ዳር ጎማ ያለው ወንበር ተሰጣት። ተቀመጠችበትና ሁለት ጊዜ ዞረችበት፤ ደስ መሰኘቷን አልደበቀችም። ፕሮፌሰር የራሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲስቁ የነበሩት የመስኮቱ ሰዎች ጫማቸውን ያዩ ጀመር፤ የእያንዳንዳቸውም ሰርተፊኬት የሚያልፍበት ቀን አለው።

«ማስታወቂያው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚለው» አለች ምራቴ። «ገና አሥራ አንድ ቀን አለው።»

«በአሥራ አንድ ቀን ይደርሳል?» አለ ኃላፊው።

«ጥያቄውን ካነበበ ይደርሳል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ፕሮፌሰር ራሱ ሳቀ፤ ቁልፉንም መልሶ ኪሱ ከተተ።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ዘንድ አጥሮ የተሰፋልኝን መጋረጃ ልታመጣልኝ ወጣች። ሰውዬው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ይዘጋል። ደረጃው ግርጌ ስትደርስ ፕሮፌሰር መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ቆሟል።

«እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አላት። እትዬ ሲላት የመጀመሪያው ነው።

ይዛው ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ካርቶኖቼን ዘረጋችለት። ከመጀመሪያው ካርቶን ጀምሮ ቃል በቃል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አስገደደችው፤ መልሱን ሊገለብጥ እጁን በሰደደ ቁጥር መታ ታደርገዋለች። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ስሰማቸው ሰዓቱን አላየሁትም፤ እሷም አላየችው። መጋረጃዬ እስካሁን ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው።