በኪሴ የያዝኩት ያኮን

መጀመሪያ የመጣው ላብ ነበር። ቀዝቃዛ ላብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የላይኛው ከንፈሬ ላይ። ከዚያ ምላሴ ደነዘዘ። ልብስ ላሰጣ መውጣቴን አስታውሳለሁ፤ ቀጥሎ ያለው የለም። ወደ ራሴ ስመለስ ሶፋ ላይ ተቀምጫለሁ። ልብሱ እንደረጠበ ባልዲው ውስጥ አለ። ጥፍሮቼ ውስጥ አፈር ሞልቷል።

ስኳር በሽታ ከያዘኝ ቆይቷል፤ ኢንሱሊን የጀመርኩት ግን ያኔ በቅርቡ ነበር። የምኖረው ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ከልጄ ከሕሊና ጋር ነው። ከማድቤታችን ጀርባ ለጎመንና ለጤና አዳም የምትበቃ መሬት አለችን። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ለልማት ተነሥተው ቤታቸው ፈርሷል። ከአጥራችን ወዲያ የቀረው በር የሌለው ግድግዳ ነው፤ ነፋስ ሲገባበት ሰው የሚያወራ ይመስላል።

ያኮኑን ያመጣልኝ እርሻ ምርምር ይሠራ የነበረ የአክስቴ ልጅ ነው። የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው አለኝ። ሥሩ ሲያዩት ስኳር ድንች ይመስላል፣ ሲገምጡት ግን እንደ አፕል ቀርጨጭ ይላል፣ ውኃውም ይጣፍጣል። «ለስኳር ሕመምተኛ ይስማማል፤ ጣፋጭነቱ ደም ውስጥ ብዙም አይገባም» ብሎኝ ነበር። እኔ ከንግግሩ የያዝኩት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

የሚተከለው የሚበላው ሥር አይደለም፤ ከግንዱ ግርጌ የሚያወጣው ቀላ ያለ ጉጥ ነው። ክረምት ሲገባ ተከልኩት፣ ክረምቱ ሳይወጣ በቁመት በለጠኝ። በጥር ትንንሽ ቢጫ አበባ አወጣ፣ ከዚያ ቅጠሉ ደረቀ። ሲደርቅ ነው የሚቆፈረው። ያን ጊዜ ሁዳዴ ገብቷል።

ሐኪሜም የንስሐ አባቴም እንዳልጾም ነግረውኛል። እኔ ግን ከሁለቱም የበለጥኩ ብልህ ሆኜ «እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ» ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ጠዋት ኢንሱሊኔን እወጋለሁ፣ ምግብ ግን አልቀምስም። ሐኪሜ «ብርክ ብርክ ካለዎት ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ» ስላለችኝ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም ነበር። ከረሜላውን አወጣሁና በምትኩ የተቆራረጠ ያኮን በፌስታል ያዝኩ። ጣፋጭ አይደል እንዴ? ደግሞ የገዛ ጓሮዬ ነው፤ እንደ መድኃኒት እንጂ ጾም እንደሚያስፈታ ምግብ አልቆጠርኩትም።

ብርክ ሲለኝ ያኮን እበላለሁ። አፌ ይጣፍጣል። ብርኩ አይሄድም። ሌላ እቆፍራለሁ።

አፈሩን ጥፍሬ ውስጥ ደጋግማ ያየችው ሕሊና ነገሩን ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገረቻት። እትዬ ጥሩወርቅ ሳትነሣ የቀረች አሮጌ ጎረቤታችን ናት። «ልጄ፣ ይሄ የባዕድ ተክል ከገባ ወዲህ ነው። ይነቀልና እናትሽን ጸበል ውሰጃት» አለች። አልሳቅሁም። በማድቤቱ መስኮት ባየሁት ቁጥር ደረቁ ግንድ ወደ ቤቱ ትንሽ የተጠጋ ይመስለኝ ነበር። ፈርቼው ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በማድቤቱ መስኮት ጓሮው ውስጥ አንዲት ሴት አየሁ። ተንበርክካ በእጇ ትቆፍራለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ሻሿ የእኔን ሻሽ ይመስላል። «ማን ነሽ?» ልላት ፈለግሁ። ድምፅ የለኝም። ሴትዮዋ መቆፈሯን አቆመች። አዳመጠች። ከዚያ ሥሩን ከነአፈሩ ወደ አፏ አስጠጋች። አፈሩ የተንቀጫቀጨው እኔ አፍ ውስጥ ነው።

ሕሊና ያን ቀን ከሥራ ቀድማ መጣች። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ቆሜ፣ ልብሴን አራግፌ፣ በትሕትና «እርስዎ ማንን ፈልገው ነው?» አልኳት አሉ። እኔ የማስታውሰው አንዲት የማላውቃት ልጅ በቤቴ ስታለቅስ ነው። ለስላሳ አምጥታ ልታጠጣኝ ስትል ጥርሴን ገጠምኩ። «ስኳር አለብኝ፤ ልትገድይኝ ነው?» አልኳት። ብርጭቆውን መታሁት። ወደቅሁ።

ሆስፒታል ሲለኩኝ የደሜ ስኳር ሠላሳ አንድ ነበር፤ ከሰባ መውረድ የለበትም። ግሉኮስ በደም ሥሬ ሲገባ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የሕሊና ስም መጣልኝ። ስሟን ስጠራ እጄ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሐኪሟ የፌስታሉን ነገር በጥሞና ሰማችና «ይህ ሃይፖግላይሴሚያ ይባላል፤ የደም ስኳር ከመጠን በላይ መውረድ ማለት ነው። አንጎልዎ የሚበላው አጥቶ ነበር። ያኮኑ ምላስዎን ያጣፍጠዋል እንጂ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልግዎትን ስኳር አይሰጥም» አለችኝ። ጓሮው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን ማወቅ ግን እንዳሰብኩት አላረጋጋኝም፤ ሴትዮዋ እኔ ከሆንኩ፣ በመስኮት ስታይ የነበረችው ማን ናት?

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ቀስ ብለው ያለፉ ደጋግ ሳምንታት ናቸው፤ የኢንሱሊኔ መጠን ተስተካከለ፣ ቁርሴን በልቼ መውጣት ለመድኩ፣ የንስሐ አባቴም እንደ ልጅ ተቆጥተው እንደ አባት አጽናኑኝ። ያኮኑን አልነቀልኩትም፣ ተክሉ ምንም አላጠፋም፤ ዛሬም ከሕሊና ጋር ከምሳ በኋላ ልጠን እንበላዋለን፣ እትዬ ጥሩወርቅም አማትባ ትቀምሳለች። እኩለ ቀን ላይ ግን አሁንም በማድቤቱ መስኮት አላይም።

ፈጣሪን፣ ሐኪሞቼንና ልጄን አመሰግናለሁ። ኢንሱሊን የምትወጉ ሁሉ፣ ሳትበሉ አትውጉ። ኪሳችሁ ውስጥ እውነተኛ ስኳር ይኑር። አስታማሚዎች ደግሞ፣ ታማሚው ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ግን እምቢ ቢልም አትተዉት። ይህንንም ደህና ሳላችሁ ተነጋገሩበት፤ ያ ሰዓት ሲመጣ ከታማሚው ጋር መነጋገር አይቻልም። እኔ ሕሊናን አስቀምጬ ነግሬያታለሁ፦ «ባላውቅሽም አጠጪኝ።»