ቺፑን ጥለው ዲስክ ያመጡባት ጠጋኝ

እስቲ በክሊኒኩ ጓሮ ዝናብ የሚወርድበትን ያንን ግራጫ የደም መመርመሪያ ማሽን ተመልከቱት። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ እየሠራ ነው የተጣለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጇ ያቆየችው የክሊኒኩ ጠጋኝ ናት። ባልደረቦቿ «እትዬ ካቻቢቴ» ይሏታል፤ ሙያውን ከተበላሸ ዕቃ ሆድ ውስጥ እየለቀመች ራሷን ያስተማረች ሴት።

የአሮጌው ማሽን ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ የማይሰረዝ ቺፕ ላይ ተቀርጿል። መብራት በቀን አምስቴ ቢሄድ ደንታው አይደለም፤ ሲመለስ ወዲያው ይነሳል። እንከን አልነበረበትም አልልም። ቺፕ ላይ የተቀረጸ ስሕተት አይታረምምና ቀኑን ሁልጊዜ አሳስቶ ያትማል። እሷ በእስክሪብቶ ታርመዋለች፤ አለቀ።

የግዢ ኃላፊው ግን ያቺን የእስክሪብቶ ጭረት ጠምዶ ያዛት። ሥርዓቱን ከዲስክ እያነበበ የሚነሳ፣ «የሚታደስ» ማሽን እንዲገዛ ስብሰባ ጠራ።

«ጋሼ፣ ዲስኩ እየዞረ መብራት ቢቋረጥ ሥርዓቱ ይበላሻል። ቢያንስ መጠባበቂያ ባትሪ ይገዛለት፤ አሮጌውም አይጣል» አለች ጠጋኟ።

«አንቺ ደግሞ! አሮጌ ለአሮጌ ተዋደዳችሁ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ይሳቅብኝ ግድ የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ይስፈርልኝ።»

አልሰፈረም። ባትሪውም አልተገዛም፤ አሮጌውም ጓሮ ተጣለ። አዲሱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ገና እየተነሳ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ዲስኩ ላይ ያለው ሥርዓት ተበላሽቷል፤ እንደገና የሚጫንበት ዲስክ ሻጩ ዘንድ ቀርቷል፤ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ጠጋኟ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ የአሮጌውን ሆድ ውኃ ሞልቶታል። ነፍሰ ጡሮች ለደም ምርመራ የግማሽ ቀን መንገድ ተላኩ።

ታዲያ ማን ተጠየቀ? እሷ! «ማሽኑ የተበላሸው በጠጋኟ ቸልተኝነት ነው» የሚል ወረቀት አቀረቡላት።

«ፈርሚና ይብቃ» አላት ኃላፊው ድምፁን አለስልሶ። «ሥራሽን አታጪም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ የደፉትን እኔ አልወለውልም።»

በማግስቱ ቁልፏን ተቀበሏት። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የደረሳት ሁለት መስመር ደብዳቤ ነው፤ «እናመሰግናለን» እንኳ የለበትም። ኃላፊው አሁንም ወንበሩ ላይ ነው።

እናንተ የግዢ ኮሚቴ ላይ የምትቀመጡ፣ ስለ ፈጣሪ! ከመፈረማችሁ በፊት ማሽኑን በየጠዋቱ የሚያበራውን ሰው ጥሩና ጠይቁት። የሚናገረው ባይጥማችሁም ሳትስቁ ስሙት።