የክብርት ቦርጭ

ምንያህል ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሻንጣ ይሸጣል። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ሲሆን ደንበኛ የሚቀበለው ቦርጩን አስቀድሞ ነው። የስኳር ሐኪሙ በየሦስት ወሩ "ይቀንሱ" ይለዋል፤ እሱም በየሦስት ወሩ "እሺ" ይላል። በዚህ ዓይነት ስድስት ዓመት ተስማምተው ኖረዋል።

ሱቁ ውስጥ አንዲት ወፍ አለችው፤ እጁ የገባችው በአደራ ነው። ወደ ደሴ የሚሄድ አንድ ተሳፋሪ የሽቦ ቤቷን ሱቁ በር ላይ አስቀምጦ "ሻይ ቀምሼ ልምጣ፣ አንዴ እይልኝ" አለው። ሁለት ዓመት አለፈው፤ ሻዩን እስካሁን አልጨረሰም።

አረንጓዴ፣ ግንባሯ ቀላ ያለ፣ ከጡጫ የማትበልጥ በቀቀን ናት። ምንም ሳትሠራ ሁሉ ነገር ስለሚቀርብላት ምንያህል ክብርት ብሎ ሰየማት። ልጆቹ አግብተው ወጥተዋል፤ ሚስቱ ጥሩብርሃንም ከዕድር ለቅሶ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት ዕቁብ ስትል ነው የምትውለው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ማዕድ የሚጋራው ክብርት ብቻ ነበረች። አንድ ለውዝ ለሱ፣ አንድ ለሷ። የተቆላ ሱፍ ሲመጣም እንደዚያው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክብርት ከቆመችበት እንጨት ላይ ዱብ ብላ ወደቀች። ተመልሳ ልትወጣ ብትሞክር አቃታት፤ አፏን ከፍታ ታለከልክ ጀመር። ምንያህል ሱቁን ትቶ ጎረቤት ጠራ።

ምክር በነጻ ጎረፈ። አንዱ የዶሮ መድኃኒት በጥብጥላት አለው። ሌላው ነጭ ሽንኩርት አጉርሳት አለ። ጥሩብርሃን በስልክ፣ ዓይን ገብቷት ይሆናል አለች፤ በወፏ ማን እንደሚቀና ግን አላብራራችም። በመጨረሻ ከጎን ዊግ የምትሸጠው ጵርስቅላ መጣች። እሷ ለሁሉ ነገር ትጸልያለች፤ መብራት ሲጠፋም፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥም። እጇን ሽቦው ላይ ጭና ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይታ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ወፏን አየቻት፤ ከዚያ እጇን አነሳች።

"ጋሽ ምንያህል፣ ይሄ መንፈስ አይደለም" አለችው። "ሆድ ነው።"

የአክስቷን ውሻ ያከመች አንዲት የእንስሳት ሐኪም አያት ሰፈር እንዳለች ነግራ የሐኪሟን ስልክ ቁጥር ሰጠችው። ምንያህል ክብርትን በነጠላ ሸፍኖ መገናኛ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር ወሰዳት። ባቡሩ ውስጥ ቆሞ የሚሄድ አንድ ሰው፣ ክንፍ ያላት ፍጥረት ለምን ቦታ እንደምታጣብብ ጠየቀ። ምንያህልም ታማ ነው ብሎ ዝም አሰኘው።

ዶክተር ጠይባ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ወጣት ናት። ክብርትን በጨርቅ ጠቅልላ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት፤ ሰባ አራት ግራም። ከሃምሳ አምስት ማለፍ አልነበረባትም። የደረቷን ላባ እፍ ብላ ገለጠችና ከቆዳዋ ሥር የተጋገረውን ቢጫ ስብ አሳየችው። ጉበቷም ሳይነካ አልቀረም። ምን እንደምትበላ ስትጠይቀው እህል ብቻ ብሎ ማለ፤ የኮቱ ደረት ላይ ግን የለውዝ ገለፈት ነበረ።

ለውዝና ሱፍ ተከለከሉ። ጨው ያለበት ምግብም ተከለከለ፤ አቮካዶማ መርዟ ነው ተባለ። በምትኩ ዳጉሳና ማሽላ በልክ፣ ተቀርድዶ የታጠበ ቆስጣ፣ ካሮት፣ በየቀኑ ንጹሕ ውሃ ታዘዘ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትሙቅ፤ ቀን ቀን ደግሞ በሩ ተዘግቶ ትብረር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሄደ። ሚዛኑ ሰባ ስድስት አለ።

ዶክተር ጠይባ ሚዛኑን አየች፤ ቀጥሎ እሱን አየችው።

"አቶ ምንያህል፣ ወፍ ኪስ የላትም" አለችው። "ለውዙን ማን ገዛላት?"

ምንያህል መሬት መሬት አየ።

"እኔ ብቻዬን መብላት አይሆንልኝም፣ ዶክተር" አለ። "እያየችኝ እንዴት ልጉረስ?"

"አብረው ይብሉዋ። ቆስጣ ይብሉ።"

በማግስቱ ባንኮኒው ላይ ካሮት ቀረበ። ክብርት የደረሳትን አንስታ ወለሉ ላይ ወረወረችው። ምንያህልም ሰው ያየው እንደሆነ ግራ ቀኙን ቃኝቶ የራሱን ሊወረውር ዳዳው። ሆኖም አኘከው፤ ከሱ መብላት እንድትማር ጮክ እያደረገ አኘከው። በአራተኛው ቀን አንገቷን ሰግጋ አፉን ስታይ ቆየችና አንድ ቁራጭ አነሳች። ምንያህል ካሮቱን ትቶ እየሮጠ ለጵርስቅላ ሊነግር ወጣ።

መብረሩ ግን ከባድ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን በሩን ዘግቶ ቢለቃት፣ ወለሉን በእግሯ እየተንጎማለለች ሻንጣዎቹን ጎበኘች። በሁለተኛው ሳምንት ከትንሿ ሻንጣ ወደ መካከለኛዋ ዘለለች። አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ አንድ ሰው በሩን ሲደበድብ፣ ምንያህል ከውስጥ ሆኖ አሁን ስፖርት ላይ ናት፣ ሩብ ሰዓት ታገስ አለው። ሰውዬው ዕቃውን በማዳበሪያ አስሮ ሄደ። ጥሩብርሃን ይህን ስትሰማ፣ እኔን እንዲህ ጠብቀኸኝ ታውቃለህ ወይ ብላ ለሁለት ቀን አኮረፈች።

በጥር ክብርት ከወለል ተነስታ ጣሪያው ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ አረፈች፤ እዚያም ሆና ውዱ ሻንጣ ላይ ኩሷን ጣለች። ምንያህል እንባው መጣ። በየካቲት ሚዛኑ ሃምሳ ስምንት አለ። የሱ ቀበቶም አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው አካባቢ ዶሮ ያስነጠሰበት ሁሉ ወደ ሻንጣ ቤት ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ትኬት ቆራጩ ጁነይድ መጮኽ ያቆመ አውራ ዶሮ ታቅፎ መጣ። ምንያህል መነጽሩን አጠለቀ፤ የዶሮውን ደረት እፍ እያለ ብዙ መረመረ።

"እኔ ሻንጣ ነው የምሸጠው" አለ በመጨረሻ። "አያት ውሰደው። መንገድ ላይ ለውዝ እንዳትሰጠው።"